ሰማያዊዋ ታንቀጠቅጠኛለች፣ ቡናማዋን ደግሞ ፈራኋት

ጥያቄ፦ «34 ዓመቴ ነው። አስም ከልጅነቴ ጀምሮ አለብኝ። ሲነሳብኝ ሰማያዊዋን ፓፍ እወስዳለሁ፤ ካላሻለኝ ሳልቡታሞል ክኒን እጨምራለሁ። ከዚያ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ድው ድው ይላል። አሁን አሁን በሳምንት አራት አምስት ቀን ያስፈልገኛል፤ ሌሊትም ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰኝ ነው። ባለፈው ሲብስብኝ ክሊኒክ ሄጄ መርፌ ወጉኝና የአምስት ቀን ክኒን ሰጡኝ። በኋላ ሌላ ሐኪም ቡናማዋን ፓፍ ጠዋትና ማታ እንድወስድ አዘዘልኝ። አራት ቀን ሞከርኳት፤ ድምፄን አሻከረችው እንጂ ምንም አልሠራችልኝም። ጎረቤቴ ደግሞ ‹ስቴሮይድ ናት፣ ታወፍራለች፣ አንዴ ከጀመርሽ አትላቀቂያትም› ስትለኝ ተውኳት። ልጅ ለመውለድም እያሰብን ነው። የትኛው ነው የሚጎዳኝ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የተዉት መድኃኒት ከሁሉም ገሩ ነው። ይተዉት ብዬ የምመክርዎት ክኒኑን ነበር።

ፋርማሲስት ነኝ። ይህን ታሪክ መስኮት ላይ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። የሐኪሙ ማዘዣ ላይ ሁለት ፓፍ ተጽፏል። ሰውየው ዋጋ ይጠይቅና «ሰማያዊዋን ስጪኝ፣ ሌላዋ ትቆየኝ» ይላል። ከወር በኋላ ተመልሶ ሰማያዊ ይገዛል። እንደገና ከወር በኋላ ሰማያዊ። የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ለምን እንደሆነ እንዲገባዎት መድኃኒቶቹ ሳንባ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ልንገርዎት።

አስም ሲነሳ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሆናል። የአየር ቧንቧዎቹን የከበቡት ጥቃቅን ጡንቻዎች ይኮማተራሉ። የቧንቧው የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል። ወፍራም አክታም ይከማቻል። ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ አየር በጠበበው መንገድ እየተሽሎከለከ ሲያልፍ ነው። የሁሉም ሥር ግን መቆጣቱ ነው። ሌላው ሰው የማይታወቀው አቧራ፣ የከሰል ጢስ ወይም የሐምሌ ብርድ እርስዎን የሚያፍነው ግድግዳው አስቀድሞ ተቆጥቶ ስለሚጠብቅ ነው። ደህና ነኝ በሚሉበት ቀን እንኳን ቁጣው ውስጥ ውስጡን አለ።

ሰማያዊዋ፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ የምትሠራው ጡንቻው ላይ ብቻ ነው። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ አድሬናሊን ያመነጫል። ሳንባ ጡንቻ ላይ ይህን አድሬናሊን የሚቀበሉ ቤታ-2 የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። ሳልቡታሞል እነሱን ይነካና ጡንቻው ይላላል። አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ትንፋሽ ይከፈታል። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓትም ይቆያል። ሰው ቢወዳት አይገርምም። መቆጣቱን ግን አትነካውም። ሥሩ የተበላ ጥርስ ይዞ ማስታገሻ እንደመዋጥ ነው፤ ሕመሙ ይበርዳል፣ ጥርሱ መበስበሱን ይቀጥላል።

አሁን ወደ መንቀጥቀጡ። እነዚያ ቤታ-2 ተቀባዮች በእጅና በእግር ጡንቻም አሉ። እጅዎ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤ ነርቭ ተነካ ማለት አይደለም። የደም ሥሮችም ትንሽ ስለሚላሉ ልብ ለማካካስ ይፈጥናል፤ ልብ ላይም ጥቂት ተቀባዮች አሉ። ሁለት ፓፍ ወስደው ትንሽ ቢንቀጠቀጡ ለአብዛኛው ሰው አደጋ የለውም፤ ብዙም ሳይቆይ ይበርዳል። መጠኑ ሲበዛ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ይወርዳል። የእግር ጡንቻ ይጨመደዳል፣ የልብ ምትም ሊዛባ ይችላል። ለግፊት ብሎ የሚያሸና ክኒን የሚውጥ ሰው፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ጫት የሚቅም ሰው እዚህ ላይ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። ጫት ራሱ ልብ ያፈጥናል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ማን ምን እንዳደረገ እንኳን መለየት ይቸግራል።

የእርስዎን እጅ በዋናነት የሚያንቀጠቅጠው ግን ፓፏ ሳትሆን ክኒኑ ይመስለኛል። ሒሳቡን ይዩት። አንድ ፓፍ፣ ማለትም አንድ ርጭት፣ 100 ማይክሮግራም ሳልቡታሞል ነው። አንድ ባለ 4 ሚሊግራም ክኒን 4000 ማይክሮግራም ነው። ማለትም በመድኃኒት ክብደት አንዱ ክኒን የ40 ፓፍ ያህል ነው። ክኒኑ ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ይሟሟል፣ በአንጀት ወደ ደም ይገባል፣ በጉበት ያልፋል፣ ከዚያ መላ ሰውነት ይዳረሳል። ሳንባ ከተረፈው ድርሻውን ያገኛል። እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከፓፍ ይልቅ ዘግይቶ፣ ደክሞ፣ ጎንዮሽ ጉዳቱን አብዝቶ የሚመጣ መድኃኒት ማለት ነው። የዓለም አቀፍ የአስም መመሪያዎች ክኒኑንም ሽሮፑንም የማይመክሩት ለዚህ ነው። እኛ አገር ግን ርካሽ ስለሆነ፣ ሰውም መዋጥን ከመሳብ ስለሚያምን፣ እንደ ልብ ይሸጣል። ሽሮፑማ ልጅ ባሳለ ቁጥር ይገዛል። ለተራ ጉንፋን ሳል ሳልቡታሞል የሚፈይደው ነገር የለም።

እግረ መንገድዎን ክኒኑ በእርግጥ ሳልቡታሞል መሆኑን ሽፋኑ ላይ ያንብቡ። አንዳንዱ ቴኦፊሊንና ኤፌድሪን የተቀላቀለበት ነው። ቴኦፊሊን በአሠራሩ የቡና ካፌይን የቅርብ ዘመድ ነው፤ ቡናም ቢሆን በጣም ደካማ በሆነ መጠን የአየር ቧንቧን ይከፍታል። የቴኦፊሊን ችግር በሚረዳው መጠንና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ መሆኑ ነው። ትንሽ ሲያልፍ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል። በጣም ሲያልፍ የልብ ምት ያዛባል፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኤሪትሮማይሲን አብሮ ከተወሰደ ደግሞ ጉበት ቴኦፊሊኑን ቶሎ ስለማያስወግደው ደም ውስጥ ይከማቻል። ለሽንት ኢንፌክሽን ሲፕሮ የታዘዘልዎ ቀን «የአስም ክኒን እውጣለሁ» ብለው ካልነገሩን እኛ መስኮት ላይ ያለነው ልናውቅ አንችልም። ኤፌድሪን ደግሞ ለየብቻው ልብና ግፊት ላይ ይሠራል። ሰማያዊ ፓፍ፣ ይህ ክኒን፣ ላዩ ላይ ሦስት ስኒ ቡና! ልብዎ ድው ድው ባይል ነበር የሚገርመኝ።

ወደተፈራችው ቡናማ እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ ቤክሎሜታዞን ናት። ቀለሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ሁልጊዜ ስሙን ያንብቡ። ስቴሮይድ ናት፤ ጎረቤትዎ እዚህ ላይ ልክ ናቸው። ጡንቻ ለማፈርጠም ስፖርተኞች የሚወስዱት ስቴሮይድ ግን ሌላ ነው። የእርስዎ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በየቀኑ ከሚያመነጩት ኮርቲሶል ጋር ይመሳሰላል። ሴሎቹ ውስጥ ይገባና ቁጣ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያደርጋል። ማምረቻውን መዝጋት ማለት ነውና ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ብዙ ሰው ለውጥ አያይም፤ ሙሉ ጥቅሟ በወራት ነው የሚታየው። አራት ቀን በጣም አጭር ነው። ሰማያዊዋ የምትሰጠውን ዓይነት ወዲያው የሚሰማ እፎይታ ከቡናማዋ ከጠበቁ ሁልጊዜ ታሳፍርዎታለች። የምትሠራው ሳይታወቅ ነው። አንድ ማለዳ ሌሊቱን ሳይነቁ እንዳደሩ ያስተውላሉ።

ጎንዮሽ ጉዳቷ ምንድን ነው? በተለመደው ዝቅተኛ መጠን ዋናዎቹ አፍና ጉሮሮ ላይ ናቸው። ድምፅ ይሻከራል። ምላስና ላንቃ ላይ እንደ እርጎ ነጭ ነጭ ነገር ሊወጣ ይችላል፤ የአፍ ፈንገስ ነው። ሁለቱም የሚመጡት መድኃኒቱ ሳንባ ሳይደርስ ጉሮሮ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ሲጨርሱ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ይትፉት። ጥርስ ከመቦረሽ በፊት ቢወስዷት ነገሩ ያለ ሐሳብ ይለመዳል። የእርስዎ ድምፅ መሻከር መድኃኒቱ አልተስማማኝም የሚያሰኝ ምልክት አይደለም። አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። ይህ የአወሳሰድ ችግር ስለሆነ ይስተካከላል፤ እመለስበታለሁ።

ታወፍራለች? በዝቅተኛ መጠን፣ አይደለም። ሱስ ታስይዛለች? አይደለም። ሲተዋት አስሙ የሚመለሰው አስሙ ድሮም ስላለ ነው። ከፍተኛ መጠን ለዓመታት ከተወሰደ ግን ቆዳ ይሳሳል፣ በቀላሉ ይበልዛል፤ አጥንትና ዓይንም ሊነካ ይችላል። ሐኪም አስሙ ለሦስት ወር ያህል ረጋ ካለ መጠኑን ወደ ታች የሚያወርደው ለዚህ ነው። የዘላለም እስራት አይደለም። በልጆች ላይ ቁመት በጥቂቱ ልትቀንስ ትችላለች፤ የተለካው ልዩነት አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ለወላጅ ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባኛል። በየጊዜው እየታፈነ እንቅልፍና ትምህርት የሚያጣ ልጅ ግን ከዚያ የበለጠ ያጣል።

አሁን ማንም ያልነገረዎትን ልንገርዎት። እውነተኛውን ስቴሮይድ አስቀድመው ወስደዋል። ያ የክሊኒኩ መርፌ ስቴሮይድ ሳይሆን አይቀርም፣ ያ የአምስት ቀን ክኒንም ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የሚዋጥ ስቴሮይድ ይመስለኛል። ለአዋቂ ለከባድ አስም የሚሰጠው በቀን 40 ሚሊግራም አካባቢ ነው። በአምስት ቀን 200 ሚሊግራም ይሆናል። በቀን 400 ማይክሮግራም ቡናማ የሚወስድ ሰው 200 ሚሊግራም ለመድረስ 500 ቀን ይፈጅበታል። ሁለቱ መድኃኒቶች በክብደት እኩል ጉልበት ስለሌላቸው ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ቤክሎሜታዞን በማይክሮግራም ሲለካ ይበረታል። ግን ሳንባ ላይ ብቻ እንድትሠራ ታስባ የተሠራች ናት፤ ፕሬድኒሶሎን የሚዋጠው ወደ መላ ሰውነት ነው።

ፕሬድኒሶሎን ሕይወት ያድናል። ከባድ አስም ሲነሳ ሊታለፍ አይገባም፣ የታዘዘውም ሳይጠናቀቅ አይቆምም። የአጭር ጊዜው ጉዳት የምግብ ፍላጎት መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ የደም ስኳር መውጣት ነው። ሲደጋገም ግን ጎረቤትዎ ያሏቸው ነገሮች ሁሉ የሚመጡት ከዚህ ነው፤ ፊት ይሞላል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ስኳርና የዓይን ሞራ ይከተላሉ። በሕይወት ዘመን አራት አምስት ዙር ብቻ መውሰድ እንኳን ከነዚህ ችግሮች ጋር ተያይዞ ታይቷል። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደው ሰው በአንድ ቀን ቢያቆመው ዕጢዎቹ ሥራቸውን ረስተው ይቆያሉ፤ ያ ራሱ አደገኛ ነው። ቡናማዋ የምትወሰደው ወደዚህ ክኒንና መርፌ ደጋግሞ እንዳይኬድ ነው። ስቴሮይድ ፈርቶ ቡናማዋን መተው ወደ ትልቁ ስቴሮይድ ይወስዳል።

ሰማያዊዋን ብቻ ይዤ ብኖርስ ይሉኝ ይሆናል። ይህ መንገድ ተሞክሯል። በኒውዚላንድ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ የአስም ሞት በድንገት ጨመረ። ፌኖቴሮል ከሚባል የሳልቡታሞል ዘመድ ከሆነ ፓፍ ጋር ተያያዘ፤ አጠቃቀሙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲገደብ ሞቱም ቀነሰ። ሳልቡታሞልም ቢሆን በየቀኑ ለብቻው ሲወሰድ ተቀባዮቹ እየለመዱት ይሄዳሉ፣ ቁጣውም ከሥር ይቀጥላል። ጊና በሚል ምህጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂዎችና ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ሰማያዊዋን ብቻዋን ይዘው እንዲታከሙ አይመክርም። አንዷ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ 200 ፓፍ ትይዛለች። በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው አስሙ የመባስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እርስዎ በሳምንት አራት አምስት ቀን እየወሰዱ ሌሊትም የሚነቁ ከሆነ አስምዎ በቁጥጥር ሥር አይደለም። ይህን ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ይንገሩት።

ፎርሞቴሮልና ቡዴሶናይድ በአንድ ዕቃ የተቀላቀሉበት ፓፍም አለ። ፎርሞቴሮል እንደ ሰማያዊዋ ቶሎ ይከፍታል፣ ግን 12 ሰዓት ይቆያል፤ ቡዴሶናይድ የቡናማዋ ወገን ነው። ትንፋሽ ባጠረ ቁጥር ትንሽ የቁጣ መድኃኒት አብሮ ይገባል። ካገኙትና ኪስዎ ከቻለ ለእንደርስዎ ዓይነቱ ሰው የምመርጠው ይህን ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ሞንቴሉካስት የሚባለው የሚዋጥ ክኒን ደግሞ አፍንጫቸውም ለሚታፈን ሰዎች ይረዳል፤ ከፓፍ ግን ይደክማል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ለጥፎበታል፤ ቅዠት፣ ድባቴ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በአንዳንዶች ላይ ስለታየ። የጀመረ ሰው ባሕርዩ ከተለወጠ ቤተሰቡ ዝም አይበል።

አሁን ወደ አወሳሰዱ፤ ድምፅዎን የሚያድነው ይህ ነው። ፓፏን በቀጥታ አፍ ውስጥ መርጨት ከባድ ነው፤ መርጨቱና መሳቡ እኩል መገጣጠም አለባቸው። በደንብ የሚወስድ ሰው እንኳን አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀርበታል። ስፔሰር የሚባለው ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ ይህን ያቃልላል። ካጡ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት አስም በተነሳባቸው ልጆች ላይ ሞክሮ፣ በደንብ የታሸገ የ500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንደሰጠ አሳይቷል። የጠርሙሱን ቂጥ በፓፏ አፍ ልክ ይብሱት፤ በጋለ ሽቦ ቢሆን ይቀላል። ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት። በሳሙና አጥበው ሳይወለውሉ ይድረቅ፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ፓፏን ይነቅንቁ፣ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ በጠርሙሱ አፍ ከንፈርዎን ይግጠሙ፣ አንዴ ይርጩ፣ በዝግታ ይሳቡ፣ እስከ አሥር ሰከንድ ይያዙት። ሁለተኛውን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይርጩ።

ስለ እርግዝናው አጭር ነው። ሳልቡታሞልም ቤክሎሜታዞንም ቡዴሶናይድም በፓፍ መልክ በእርግዝና ይወሰዳሉ፤ ብዙ መረጃ ያለው ቡዴሶናይድ ነው። ጽንሱን የሚጎዳው ያልተያዘ አስም ነው። እናት ኦክስጅን ሲያጥራት ለልጅም ያጥረዋል፤ ያለ ጊዜው መወለድና ክብደት ማነስ ይበዛል። ስለዚህ አረገዝኩ ብለው ፓፍ እንዳያቆሙ። እንዲያውም ከማርገዝዎ በፊት ጥቂት ወራት ወስደው ሌሊት ሳይነቁ የሚያድሩበት ደረጃ ይድረሱ።

ሌላ መድኃኒት ሲገዙም አስም እንዳለብዎ ይናገሩ። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ በአንዳንድ አዋቂዎች ላይ አስም ያስነሳሉ፤ ፓራሲታሞል ለብዙዎች ይሻላል። ለግፊት ወይም ለራስ ምታት የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎል ሰማያዊዋ የምትነካውን ተቀባይ ይዘጋል። ለግላኮማ የሚንጠባጠበው ቲሞሎል የዓይን ጠብታ እንኳን እንዲሁ ያደርጋል።

ዛሬ ማታ ቡናማዋን በታዘዘልዎ መጠን ይጀምሩ፣ ክኒኑን ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። ሰማያዊዋ ከቦርሳዎ አትጥፋ። ትንፋሽ አጥሮዎት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት፣ ከንፈርዎ ከጠቆረ፣ ወይም ሰማያዊዋ ካላስታገሰችዎ ግን ክኒን አይፈልጉ፣ እስኪነጋም አይጠብቁ። በስፔሰሩ ከአራት እስከ አሥር ፓፍ አንድ በአንድ እየሳቡ፣ በየሃያ ደቂቃው እየደገሙ፣ ሰው አስከትለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።